አክቹዋሪው እድር ቤት ሲገባ፦ ዝቅተኛ ገቢ ላለው ሰው መድንና ብድር እንዴት ይሠራል?

ሰንጋ ተራ፣ ከቢሯችን በታች መንገድ ዳር ጀበና ቡና የምትሸጥ ሴት አለች። ጠዋት ጠዋት እሷ ጋ ነው የምቆመው። አንድ ቀን በወሬ መሃል የገንዘብ ነገሯን ጠየቅኋት። ሁለት እድር አላት፤ አንዱ የሰፈር፣ ሌላው የሴቶች። እቁብ ትጥላለች። ከብድርና ቁጠባ ደግሞ ከአራት ጓደኞቿ ጋር በቡድን ዋስትና ተበድራለች። «ኢንሹራንስስ?» ስላት ሳቀች። «እሱ የመኪና አይደል እንዴ?»

የምትቀመጥበትን ቦታ የባንክና የኢንሹራንስ ሕንፃዎች ከበውታል። የሷ ነገር ግን ብዙም ስህተት የለውም። በአገራችን በዓመት የሚሰበሰበው የመድን አረቦን (ደንበኛው ለመድኑ የሚከፍለው ገንዘብ) በሙሉ ቢደመር ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት 1 በመቶ አይሞላም። ከዚያም ላይ ትልቁ ድርሻ የተሽከርካሪ ነው።

ይህን የምጽፈው ስታቲስቲክስ ወይም ሒሳብ ጨርሰው ኢንሹራንስ ቤት ለገቡ ወጣቶች ነው። ማይክሮፋይናንስ (ብድርና ቁጠባ ተቋም) ውስጥ ሆነው ድንገት «እስቲ አረቦኑን አንተ አስላልን» ለሚባሉትም ይሆናል። አክቹዋሪ ማለት ነገ ሊደርስ የሚችለውን ነገር ዛሬ በብር የሚተምን ባለሙያ ነው። በአገራችን ቁጥራችን በጣት የሚቆጠር ስለሆነ ሥራው ብዙ ጊዜ አክቹዋሪ ባልሆነ ሰው ጫንቃ ላይ ይወድቃል።

የማምንበትን ከወዲሁ ልንገራችሁ። ለዝቅተኛ ገቢ ሰው መድን ስንሠራ ሒሳቡ ቀላሉ ክፍል ነው። የሚያለፋው ከሒሳቡ በፊት መዝገቡን ማግኘት፣ ከሒሳቡ በኋላ ደግሞ ገንዘቡ በሰዓቱ እንዲደርስ ማድረግ ነው። ሁለቱም ሰንጋ ተራ ተቀምጦ አይሆኑም።

ደረጃ 1፦ ኮምፒውተሩን ዝጉና የእድር ስብሰባ ሂዱ

እሑድ ሂዱ። ወርኃዊ መዋጮ የሚሰበሰብበት ቀን ቢሆን ይመረጣል። ስልክ ደውላችሁ ከዳኛው ወይም ከጸሐፊው አስቀድማችሁ ፈቃድ ጠይቁ። ሱፍና ክራባት ተዉት። ላፕቶፕም አትክፈቱ። ዳር ይዛችሁ ቁጭ በሉና ስሙ።

እዚያ የምታዩት ያለ አክቹዋሪ የተሠራ የመድን ድርጅት ነው። አዲስ አባል ሲገባ የመግቢያ ይከፍላል፤ ነባሮቹ ለዓመታት ያጠራቀሙትን ድንኳን፣ ወንበርና ብረት ድስት በነፃ እንዳይጋራ ነው። ታሞ አልጋ የያዘ ሰው ሊመዘገብ ቢመጣ ሽማግሌዎቹ ያውቃሉ፤ ጎረቤት ነዋ። ሳይከፍል የከረመ ይቀጣል። ቀብር የቀረም ይቀጣል። እኛ በመማሪያ መጽሐፍ ብዙ ገጽ የምንፈጅበትን ጉዳይ፣ ማለትም የሚታመመው ብቻ መርጦ እንዳይገባ የመከላከሉን ነገር፣ እነሱ በሁለት አንቀጽ መተዳደሪያ ደንብ ጨርሰውታል።

ስለዚህ «እናስተምራችሁ» ብላችሁ አትሂዱ። ሦስት ነገር ብቻ ጠይቁ። ባለፉት ዓመታት ገንዘብ ያጠራችሁ መቼ ነው? ለማን ነው የምትከፍሉት? እድሩ ከፍሎም ቤተሰቡን ያልበቃው መቼ ነው?

ሦስተኛው ጥያቄ ወርቅ ነው። ብዙ ጊዜ የምሰማው መልስ ይህን ይመስላል፦ «ቀብሩንስ ቀበርነው። ከአርባው በኋላ ነው ችግሩ።» ድንኳኑ ሲነሣ የቤት ኪራዩ፣ የልጆቹ ትምህርት ቤትና የሟች ዕዳ ይቀራል። የእናንተ ምርት የሚገባው እዚያ ክፍተት ውስጥ ነው። እድሩ በደንብ የሚሠራውን ሥራ ልቀማ ብትሉ ትሸነፋላችሁ። መሸነፍም አለባችሁ።

በዚሁ አንድ ነገር። ሁሉም ችግር መድን አይፈልግም። በየወሩ የሚያጋጥም ትንሽ ወጪ፣ ለምሳሌ የደብተር ወይም የጉንፋን መድኃኒት፣ የቁጠባ ወይም የእቁብ ሥራ ነው። መድን ለትልቅና አልፎ አልፎ ለሚመጣ ነገር ነው። ይህን ለአለቃችሁ መናገርም ከሥራችሁ አንዱ ነው።

ደረጃ 2፦ መዝገቡን ቁጠሩ

«ዳታ የለም» የሚል ሰበብ እሰማለሁ። እውነት ነው፣ በአገራችን በሰው ሞት ላይ የተመሠረተ፣ ሁሉም የሚስማማበት ሠንጠረዥ ይዞ ሥራ መጀመር አይቻልም። የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ነው፤ ገና ልጅ ነው። ግን ሰው ሲሞት የሚጽፍ አልጠፋም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኅብረተሰብ ጤና ተመራማሪዎች ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ በከተማዋ የቀብር ቦታዎች የሚፈጸሙትን ቀብሮች ሲያስመዘግቡ ኖረዋል። በቤተ ክርስቲያኑም፣ በሙስሊም መቃብሩም። ኤድስ ከተማዋን ምን ያህል እንደጎዳ፣ መድኃኒቱ ሲመጣ ደግሞ ሞቱ እንዴት እንደቀነሰ ለማየት የረዳው ይኸው ነው። ከተማ ሙሉ በቀብር ቦታ ተቆጠረ ማለት ነው።

የእኛ ሙያ ራሱ ከዚህ ብዙም በማይርቅ ነገር ነው የጀመረው። በ1744 እ.ኤ.አ. ስኮትላንድ ውስጥ ሮበርት ዋላስና አሌክሳንደር ዌብስተር የሚባሉ ሁለት ቄሶች የሟች ቄሶችን ሚስቶችና ልጆች የሚረዳ ፈንድ አቋቋሙ። በየዓመቱ ስንት ቄስ እንደሚሞት፣ ስንት መበለት እንደሚቀር ከየአጥቢያው አስቆጠሩ። ኮሊን ማክሎሪን የሚባል የሒሳብ ሊቅ ስሌቱን አየላቸው። እነዚያ ቄሶች ዛሬ እዚህ ቢመጡ ቀጥ ብለው የሚሄዱት የእድር ጸሐፊ ጋ ይመስለኛል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የአምስት ዓመት መዝገብ ለምኑ። ፎቶ ስታነሡ ስም ሸፍኑ፤ የሚያስፈልጋችሁ የአባል ቁጥር እንጂ ስም አይደለም። ከዚያ ሁለት ዝርዝር አውጡ። አንደኛው፣ በየዓመቱ ስንት አባወራ አባል እንደነበረ። ሁለተኛው፣ እያንዳንዱ ክፍያ መቼ፣ ለማን ሞት፣ ስንት ብር እንደወጣ። «ለማን ሞት» የሚለውን ልብ በሉት። ለአባሉ ነው? ለትዳር ጓደኛው? ለልጅ? ለአማች?

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ላውጋችሁ። የመጀመሪያዬ ሥራ ላይ አባላቱን ቆጠርኩ፣ ሚስትና ልጆች ጨመርኩ፣ አረቦን አወጣሁ፣ አሳምሬ አተምኩት። ስብሰባ ላይ ሳቀርብ የእድሩ ዳኛ እጃቸውን አወጡ። «ልጄ፣ የባለቤቴ እናት ሲያርፉስ?» አሉኝ። ሽፋን ውስጥ የለም አልኳቸው። «እንግዲያው ምኑን እድር ሆነ?» አሉና ተቀመጡ። ሰዉም ተነሣ። ስብሰባው አለቀ ማለት ነው።

ሌላም ነገር ገጠመኝ። መዝገቡ ላይ የሟቾቹ ዕድሜ የለም። ጸሐፊውን «ጋሼ፣ ዕድሜ ለምን አይጻፍም?» ስላቸው ግራ ገባቸው። «ዕድሜ ምን ያደርጋል? የሞተ ሞተ። ድንኳን ለሁሉም እኩል ነው የሚተከል።» ዕድሜ ባይኖርም አትቁሙ። ሽማግሌዎቹን ይዛችሁ ተቀመጡና በግምት ሙሉ፦ «ልጅ እግር ነበር፣ ጎልማሳ ነበር፣ ሽማግሌ ነበር።» ሦስት ረድፍ ከምንም ይሻላል።

ደግሞም አንድ ሰው በሦስት እድር ስሙ ቢገኝ አጭበረበረ አትበሉ። የሰፈር አለ፣ የመሥሪያ ቤት አለ፣ የትውልድ አገር አለ። ሞቱ አንድ፣ ክፍያው ሦስት ነው፤ ያወቀበት ሰው ነው እንዲህ የሚያደርገው።

ደረጃ 3፦ አረቦኑን አስሉ

አሁን ሒሳቡ። ቁጥሮቹ ለማስረዳት የተመቻቹ ናቸው፤ መንገዱ ግን ይኸው ነው።

240 አባወራ ያሉት እድር እንውሰድ። አምስት ዓመት ሲባዛ 1,200 የአባወራ ዓመት ይሆናል። በነዚያ ዓመታት 15 አባል ወይም የትዳር ጓደኛ፣ 4 ልጅ፣ 41 ደግሞ የአባል ወይም የትዳር ጓደኛ ወላጅ ሞቷል። ልትሰጡ ያሰባችሁት ክፍያ ለአባልና ለትዳር ጓደኛ 20,000 ብር፣ ለልጅ 10,000፣ ለወላጅ 5,000 ነው እንበል።

15 ጊዜ 20,000 ማለት 300,000 ብር። 4 ጊዜ 10,000 ማለት 40,000። 41 ጊዜ 5,000 ማለት 205,000። ድምሩ 545,000 ብር። ለ1,200 ስናካፍለው ለአንድ አባወራ በዓመት 454 ብር ገደማ ይመጣል። ይህ የአደጋው ንጹሕ ዋጋ ነው። ወላጆቹን ብትረሱ (እንደ እኔ) 283 ብር ብቻ ታገኙ ነበር። ከጠቅላላው ወጪ 38 በመቶውን ሳታዩት አለፋችሁ ማለት ነው።

454 ላይ መጠንቀቂያ ጨምሩ። ያያችሁት 60 ሞት ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ቆጠራ በአጋጣሚ የሚወዛወዘው በካሬ ሥሩ ያህል ነው። የ60 ካሬ ሥር 7.7 ነው፤ ስለዚህ ቁጥሩ በአጋጣሚ ብቻ 13 በመቶ ያህል ከፍና ዝቅ ሊል ይችላል። እኔ 15 በመቶ እጨምራለሁ፤ 522 ብር ይሆናል። ከዚያ የሥራ ማስኬጃ። ከአረቦኑ 20 በመቶ ለወጪ ይበቃል ካላችሁ፣ 522ን ለ0.8 አካፍሉ። 653 ብር በዓመት፣ በወር 54 ብር ከምናምን ነው።

የማስኬጃውን 20 በመቶ በቀላሉ አትለፉት። ከመዝገቡ የማይመጣው፣ እኛ ራሳችን የምንወስነው እሱ ነውና። በወር 54 ብር ለመሰብሰብ ቤት ለቤት ሠራተኛ ብትልኩ የታክሲው ብቻ ይበላችኋል። ገንዘቡ እሑድ እድሩ መዋጮ ሲሰበስብ አብሮ ይሰብሰብ፤ እድሩም በአንድ ጊዜ ያስገባ። ቴሌብር ከመጣ ከግንቦት 2013 ወዲህ ይህ በጣም ቀልሏል። ጸሐፊው ለድካማቸው ትንሽ ይከፈላቸው፤ በነፃ የሚያሠራ አሠራር ሁለት ዓመት አይዘልቅም።

ደረጃ 4፦ «እኛ እድር አለን፣ እናንተ ለምን?» ለሚለው መልስ ያዙ

ይህ ጥያቄ ይመጣል። መምጣትም አለበት። መልሱን በስሌት አሳዩ።

ያ እድር በአማካይ በዓመት 12 ሞት ይጠብቃል። ግን ዓመቱ አማካይ ሆኖ አያውቅም። የ12 ካሬ ሥር ወደ 3.5 ነው፤ ያም ከአማካዩ 29 በመቶ ነው። አንድ ክፉ ዓመት 19 ሞት ቢያመጣ የሚገርም አይደለም። ያኔ ሳጥኑ ባዶ ይሆናል፤ ተጨማሪ መዋጮ ይጠየቃል። የሚጠየቀው ደግሞ ሁሉም ሰው ባዘነበት ዓመት ነው።

አሁን እንደሱ ያሉ አሥር እድሮችን አንድ ላይ አድርጉ። 120 ሞት ይጠበቃል፤ መወዛወዙ 11 ብቻ፣ ማለትም 9 በመቶ ነው። የኢንሹራንስ ኩባንያው ጥቅም ይኸው ነው። አሥሩን ያገናኛል፤ በጣም ለከፋው ቀን ደግሞ ራሱ ጠለፋ መድን (የኢንሹራንስ ኩባንያው መድን) ይገባል። ፊት ለፊት እድሩ ይቆማል፣ ጀርባውን ኩባንያው ይይዝለታል።

ይህን ለሽማግሌዎች ስታስረዱ ካሬ ሥር ምናምን አትበሉ። ባቄላ ይዛችሁ ሂዱ። እኔ ያደረግሁት ነው። በአንድ ጣሳ ነጭና ቀይ ባቄላ ቀላቅዬ አሥር ሰው አንዳንድ እፍኝ እንዲያነሣ ጠየቅሁ። የአንዱ እፍኝ ውስጥ ቀዩ በዛ፣ የአንዱ ውስጥ አንድም የለም። የአሥሩ ሲደመር ግን ሁልጊዜ ተቀራራቢ ሆነ። ከመካከላቸው አንዷ እናት «አሃ፣ መከራ ሲካፈሉት ማለት ነው» አሉ። የእኔ ስላይድ ያላደረገውን ጣሳው አደረገው።

ደረጃ 5፦ የብድር ሕይወት መድኑን ፈትሹ

ወደ ማይክሮፋይናንሱ እንምጣ። ብዙ ብድርና ቁጠባ ተቋማት ብድር ሲሰጡ ለሞት መድን ትንሽ ክፍያ ይቆርጣሉ። ተበዳሪው ቢሞት ዕዳው ይሰረዛል። ጥሩ ነው፤ በቡድን ብድር ላይ በተለይ፣ አለዚያ የሟቿ ዕዳ በአራቱ ጓደኞቿ ላይ ያርፋል። ለቅሶ ላይ ሆነው ስለ ዕዳ የሚያስቡ ሰዎች አይቻለሁ፤ ደስ አይልም።

ግን ዋጋውን ፈትሹ። 60,000 ብር ለአንድ ዓመት፣ በየወሩ 5,000 ዋና ገንዘብ እየተመለሰ የሚከፈል ብድር እንውሰድ። የመጀመሪያው ወር ዕዳው 60,000 ነው፣ የመጨረሻው ወር 5,000። አማካዩ 32,500 ብር። ከ1,000 ተበዳሪ በዓመት 5 ይሞታሉ ብንል፣ የቀሪ ዕዳው ስረዛ ዋጋ 162 ብር ተኩል ነው። ተቋሙ የብድሩን 1 በመቶ ከቆረጠ 600 ብር ወሰደ። የቀረው 437 ብር ተኩል የት ሄደ?

ይህን ጥያቄ መጠየቅ የእናንተ ሥራ ነው። ስትጠይቁ ግን መፍትሔ ይዛችሁ ጠይቁ። በሞት ጊዜ ሙሉው 60,000 ብር ይከፈል፤ ቀሪው ዕዳ ተቀንሶ ትርፉ ለቤተሰቡ ይሰጥ። ዋጋው 300 ብር ነው። ከ600ው ግማሹ ለማስኬጃና ለመጠባበቂያ ይተርፋል። ተበዳሪዋ አሁን ከምትከፍለው አንድ ሳንቲም ሳትጨምር ልጆቿ ዘጠነኛው ወር ላይ 40,000 ብር በእጃቸው ይገባል። ተቋሙም ዕዳውን ያገኛል። ለሥራ አስኪያጁ አንድ ገጽ ላይ፣ ሁለት አምድ አድርጋችሁ አሳዩት። እኔ ካየኋቸው ስብሰባዎች ክርክሩ ያጠረው እንዲህ ሲሆን ነው።

ተበዳሪዎቹ መድን እንዳላቸው ማወቃቸውንም አረጋግጡ። አሥር ሰው ጠይቁ። አብዛኞቹ «የአገልግሎት ክፍያ ነው» ካሏችሁ፣ የማይጠየቅ ካሳ ቁጥራችሁን እያሳመረላችሁ ነው። ሪፖርታችሁ ላይ ጥሩ የሚመስለው ትርፍ ከዚያ የመጣ ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 6፦ ካሳው ከቀብሩ ጋር ይሩጥ

ጠዋት ጡሩምባው ይነፋል፤ ከሰዓት ቀብር ነው፤ ቢዘገይ በማግስቱ። እድሩ ያንኑ ቀን ይደርሳል። ንፍሮው ሲቀቀል ገንዘቡ ወጥቷል። እኛ ግን በሦስተኛው ወር «ሰነድዎ ተሟልቷል» ብለን ስንደውል ቤተሰቡ አራጣ ከተበደረ ቆይቷል። እንዲህ ያለ ፖሊሲ የቀብር መድን ብሎ መሸጥ ነውር ነው።

ስለዚህ አክቹዋሪው «ካሳ የእኔ ክፍል አይደለም» ማለት የለበትም። ሰነድ በበዛ ቁጥር ወጪ ይጨምራል፣ ወጪ በጨመረ ቁጥር አረቦን ይጨምራል። ለ5,000 ብር ክፍያ ስድስት ማኅተም ከጠየቃችሁ ማኅተሙ ከካሳው ይበልጣል።

እኔ የምመክረው ይህን ነው። እድሩ ከሳጥኑ ወዲያው ይክፈል፣ ኩባንያው ይተካለት። ወይም ኩባንያው የሁለት ሞት ክፍያ፣ 40,000 ብር፣ በቅድሚያ እድሩ ጋ ያስቀምጥ። ማስረጃው የዳኛውና የጸሐፊው ፊርማ ይሁን፤ የወረዳው የሞት የምስክር ወረቀት በኋላ ይምጣ። «ቢያጭበረብሩስ?» ይባላል። ቀብሩ ላይ 200 ሰው ቆሟል። ከዚህ የበለጠ ምስክር ከየት ይመጣል?

ውሉንም አሳጥሩት። አንድ ገጽ፣ በትልልቅ ፊደል። እኔ የተጠቀምኩበት ይህን ይመስላል፦

«አባል ወይም የትዳር ጓደኛ ሲሞት 20,000 ብር ይከፈላል። ልጅ ሲሞት 10,000 ብር ይከፈላል። የአባል ወይም የትዳር ጓደኛ እናት ወይም አባት ሲሞቱ 5,000 ብር ይከፈላል። አዲስ አባል ከገባ 3 ወር ሳይሞላ በሕመም ምክንያት ለሚደርስ ሞት አይከፈልም፤ በአደጋ ከሆነ ይከፈላል። ዳኛውና ጸሐፊው ፈርመው ባሳወቁ በ24 ሰዓት ውስጥ ገንዘቡ ለእድሩ ይገባል።»

አለቀ። የሕግ ክፍሉ ሁለት ገጽ ካልጨመርኩ ካለ፣ የሚጨመረውን እያንዳንዱን «አይከፈልም» በብር ተምኑለት። አብዛኞቹ ከአረቦኑ ላይ አንድ ብር እንኳ አይቀንሱም። ዋጋ የማይቀንስ ክልከላ ጭቅጭቅ ብቻ ነው።

ደረጃ 7፦ ሰፈሩ ሲነቃነቅ ስሌቱን ከልሱ

በ2016 ፒያሳ፣ በ2017 ደግሞ ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ሲነሡ ነዋሪው ወደ ከተማዋ ዳር ዳር ተበተነ። እድሮቹም አብረው ተበተኑ። ይህ ለአክቹዋሪ ማኅበራዊ ዜና ብቻ አይደለም። ማን ቀረ፣ ማን ወጣ? ወጣቱ በሄደበት አዲስ ሰፈር እድር ይገባል። ሽማግሌው ግን «ለሠላሳ ዓመት የከፈልኩበትን አልተውም» ብሎ በቴሌብር እየላከ ይቆያል። የአባላቱ አማካይ ዕድሜ በአንድ ዓመት ይዘላል፤ የአምስት ዓመት መዝገባችሁ አሁን ያለውን ሰው አይናገርም። እንዲህ ያለ እድር ካጋጠማችሁ አባላቱን እንደገና መዝግቡ፣ አረቦኑን ለስድስት ወር ብቻ ዋስትና ስጡበት፣ ከዚያ እንደገና እዩት።

የብሩም ነገር አለ። ሐምሌ 2016 የምንዛሪ ገበያው ከተለቀቀ ወዲህ የሬሳ ሳጥኑም፣ ድንኳኑም፣ ምስሩም ዋጋው ሌላ ነው። ዋጋ በዓመት 20 በመቶ ቢጨምር ዛሬ 20,000 ብር የሚገዛው ነገር በሦስት ዓመት 34,560 ብር ይሆናል። ክፍያውንም አረቦኑንም በየዓመቱ በስብሰባ ለመከለስ ከመጀመሪያው ተስማሙ። ረጅም ውል እዚህ አይሠራም።

ሕጉን በአጭሩ ልለፈው። ማይክሮፋይናንስም ኢንሹራንስም የሚቆጣጠረው ብሔራዊ ባንክ ነው፤ አዋጅ ቁጥር 626/2001 እና 746/2004 ጠረጴዛችሁ ላይ ይኑሩ፣ ለአነስተኛ መድን የወጣውንም መመሪያ አንብቡ። መርካቶ አካባቢ የምትሠሩ ከሆነ ተካፉልን፣ ማለትም በእስልምና ሕግ የሚሠራውን ከወለድ ነፃ መድን፣ ከመጀመሪያው አስቡበት። ወለድ ያለበትን ነገር የማይነካ ደንበኛ ዋጋ ብትቀንሱለትም አይመጣም።

ጤናን በተመለከተ ከመንግሥቱ የማኅበረሰብ ጤና መድን ጋር አትፎካከሩ። በ2003 ዓ.ም. ገደማ በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ሲሞከር ጀምሮ የሚመዘግበው ቤተሰብን በሙሉ ነው፤ የታመመው ብቻ ተመርጦ እንዳይገባ። ይልቅ እሱ የማይሸፍነውን፣ ሆስፒታል የተኛ ሰው ሥራ በመፍታቱ የሚያጣውን የቀን ገቢ ሸፍኑ። ለጉሊት ነጋዴ አንድ ሳምንት ጥቁር አንበሳ መተኛት ማለት መነሻ ገንዘቡን መብላት ነው።

ከገጠሩም የምንማረው አለ። በ2001 ዓ.ም. ትግራይ ውስጥ ዓዲ ሓ በሚባል ቦታ ኦክስፋም አሜሪካ፣ ማኅበረ ረድኤት ትግራይ፣ ኒያላ ኢንሹራንስና ስዊስ ሬ የተባለው የጠለፋ መድን ኩባንያ ሆነው ለጤፍ ገበሬዎች የዝናብ እጥረት መድን ጀመሩ። ጥሬ ገንዘብ የሌለው ገበሬ አረቦኑን በጉልበቱ፣ በአካባቢ ጥበቃ ሥራ እንዲከፍል ተደረገ። መለኪያው ግን ዝናብ እንጂ የእርሻው ጉዳት አልነበረም፤ እንዲህ ባለ መድን መሣሪያው «ዘንቧል» እያለ የአንዱ ማሳ ሊደርቅ ይችላል። ከእናንተ የሚጠበቀው ይህ ስንት ጊዜ ሊደርስ እንደሚችል ቆጥሮ ለገበሬው አስቀድሞ መንገር ነው።

ደረጃ 8፦ በዓመቱ ተመለሱ

ምርቱ ሥራ ከጀመረ በኋላ አራት ነገር በየሦስት ወሩ ጻፉ። ከ100 ብር አረቦን ስንቱ ካሳ ሆኖ ተመለሰ? ሞቱ ከተነገረበት እስከ ክፍያው ስንት ቀን ፈጀ? ከመቶ ጥያቄ ስንቱ ውድቅ ሆነ? ከመቶ አባል ስንቱ በዓመቱ ቀጠለ?

የመጀመሪያው ቁጥር ከ50 በታች ሆኖ ሁለት ዓመት ከቆየ እኔ ፊርማዬን አላኖርበትም። አረቦን ይቀነስ ወይም ክፍያው ይጨመር። ከ90 በላይ ከሄደም ደስ አይበላችሁ፤ ማስኬጃው ከየት እየመጣ ነው? አንዱ ክፉ ዓመት ያፈርሰዋል። ውድቅ የተደረጉትን ደግሞ አንድ በአንድ አንብቡ። ብዙዎቹ በአንድ ዓይነት ምክንያት ከወደቁ ጥፋቱ የውሉ ነው፤ ሰው አልገባውም።

ውጤቱን መጀመሪያ ለአለቃ ሳይሆን ለእድሩ አቅርቡ። እሑድ፣ በአንድ ወረቀት። ስንት ሰበሰብን፣ ስንት ከፈልን፣ ስንት ቀረ፣ የቀረው የት አለ። ሰው ያጉረመርማል፣ ይጠይቃል፣ አንዳንዱ «ሳልሞት ለምን እከፍላለሁ» ይላል። ለሱም መልስ ስጡ፤ አትሳቁ።

መዝገብ ተውሳችሁ ከሆነ በዚያው ቀን መልሱ። ያ የመጀመሪያው እድሬ ጋ በዓመቱ ስመለስ ጸሐፊው ደብተሩን ራሳቸው አምጥተው ገለጡልኝ። አዲስ አምድ ተጨምሮበታል፣ በቀይ እስክሪብቶ፣ በማስመሪያ ተሰምሮ። አናቱ ላይ «ዕድሜ» ይላል።